ከወንዙ ወዲህና ወዲያ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሠራተኛ ለሚቀጥሩ

ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 በዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት ያለው ሰው ሁሉ በሩ ላይ አዲስ ሥራ ተጨመረበት፤ ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ደንበኛ ገብቶ ከመቀመጡ በፊት የኮቪድ ክትባት ማስረጃ መጠየቅ። ፌብሩዋሪ 15 ላይ ትእዛዙ ተነሣ፤ የቆየው አንድ ወር ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ኢስተርን አቬኑን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ምግብ ቤት እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረበትም፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ግን በእግር ይደረሳል። የዲሲው ትእዛዝ ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 13፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ቀጣሪዎች ላይ የፌዴራሉ መንግሥት የጣለውን «ክትባት ወይም ምርመራ» የሚል ደንብ በ6 ለ3 ድምፅ አገደ። በዚያው ዕለት ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት ሠራተኞች እንዲከተቡ የሚያዘውን ደንብ ግን በ5 ለ4 ድምፅ እንዲቀጥል ፈቀደ። እንግዲህ በዚያ ሳምንት «የክትባት ሕግ አለ?» ብሎ ለጠየቀ ቀጣሪ፣ እንደ ቦታውና እንደ ሥራው፣ «አለ»ም «የለም»ም ትክክለኛ መልስ ነበር።

ወረርሽኙ አለፈ፤ ያሳየን ነገር ግን አላለፈም። የሥራ ሕግ እንደ ዳዊት አንዴ ተሸምድዶ የሚያዝ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ደንብ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ የት ነው የሚሠራው? ስንት ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ነው የሚነካው? ከመቼ እስከ መቼ? በዚህ አካባቢ ሠራተኛ ከሚቀጥሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚቸገሩት ሕጉን ጭራሽ ሳይሰሙ ቀርተው አይመስለኝም፤ የሰሙት የጎረቤት ከተማውን ወይም ያለፈውን ዓመት ሆኖ ነው እንጂ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ይክፈቱ። ኮምፒዩተር ላይ ቢሆንም ግድ የለም፤ ዋናው ነገር አራት ዓምድ መኖሩ ነው፦ ደንቡ፣ ቦታው፣ የሠራተኛው ቁጥር፣ የጀመረበትና ያበቃበት ቀን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ደብተር እንዴት እንደሚሞሉት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቦታውን መለየት ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፤ ከጁላይ 2009 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ይህ ግን ወለሉ ነው፤ ስቴቱ፣ ካውንቲው ወይም ከተማው ከዚያ በላይ ካዘዘ ለሠራተኛው የሚሻለው ይከፈላል። ዲሲ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንጎመሪ ካውንቲ ግን በዚያ ላይ የራሱን ጨምሯል። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ 12.77 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ላይ አንድ የሚያሳርፍ ነገር አለ፤ ከተሞችና ካውንቲዎች የስቴቱ ሕግ አውጪ ያልሰጣቸውን ሥልጣን ስለማይጠቀሙ፣ አሌክሳንድሪያም ሆነ ፌርፋክስ ለግል ቀጣሪዎች የራሳቸውን ዝቅተኛ ደሞዝ አይደነግጉም። ቨርጂኒያ ላይ የስቴቱን ሕግ አይተው ያበቃሉ። ሜሪላንድ ላይ ግን ካውንቲውን ሳያዩ መዝጋት አይችሉም።

ችግር የሚመጣው ሠራተኛው ራሱ ድንበር ሲያቋርጥ ነው፤ የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ የፓርኪንግ፣ የጽዳትና የማመላለሻ ሥራ ደግሞ ጠባዩ ይኸው ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ዲሲ ያሉ አዛውንት ቤት፣ ሐሙስና ዓርብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌላ ቤት የምትሠራ ተንከባካቢ አለችዎት እንበል፤ በየቀኑ ስምንት ስምንት ሰዓት። የዲሲ ሕግ ከሥራ ጊዜው ከግማሽ በላይ የሆነውን በመደበኛነት ዲሲ ውስጥ የሚያሳልፈውን ሠራተኛ በዝቅተኛ ደሞዙ ይሸፍነዋል፤ እርሷ ከአምስት ቀን ሦስቱን እዚያ ናት። የሞንጎመሪ ካውንቲ የሕመም ፈቃድ ሕግ ደግሞ በሳምንት ከስምንት ሰዓት በላይ በመደበኛነት ካውንቲው ውስጥ የሚሠራን ሰው ይመለከታል፤ እርሷ እዚያ 16 ሰዓት አላት። የእርስዎ ቢሮ ቨርጂኒያ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ቢሮዎ የት እንደተመዘገበ ከመጻፍዎ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ በየሳምንቱ የት የት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጻፉ። የሰዓት መዝገብዎ ላይ «8 ሰዓት» ብቻ ካለ ጎደሎ ነው፤ «8 ሰዓት፣ ዲሲ» ይሁን። ያቺ አንዲት ቃል አለመግባባት በተነሣ ቀን ብዙ ክርክር ትዘጋለች።

ሁለተኛው ሥራ ሰው መቁጠር ነው። «እኔ ትንሽ ነኝ፣ ይህ ሁሉ ለትልልቆቹ ነው» የሚለው ክርክር በየቦታው ይሰማል፤ ግማሽ እውነትም አለው። ትንሽነት በእርግጥ ይቆጠራል፤ ግን በየሕጉ ልኩ የተለያየ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እስከ 10 ሠራተኛ ላለው 15.50፣ ከ11 እስከ 50 ላለው 16፣ ከዚያ በላይ ላለው 17.65 ዶላር በሰዓት ወስኗል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ምግብ ቤቶችን ያስቡ፤ አንዱ አሥር፣ ሌላው አሥራ አንድ ሠራተኛ አለው፤ ሁሉም በሳምንት 40 ሰዓት በዝቅተኛው ደሞዝ ይሠራሉ። ልዩነቱ በሰዓት 50 ሳንቲም ብትሆንም በዓመት ለአንድ ሰው 1,040 ዶላር ነው፤ ለአሥራ አንዱ 11,440። ይህን አስቀድሞ ያሰበና ዓመቱ ሲያልቅ የደረሰበት ቀጣሪ እኩል አይደሉም።

የሕመም ፈቃድ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በዲሲ ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለየ37 ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ ሰባት ቀን፤ ከ25 እስከ 99 ያለው ለየ43 ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ እስከ አምስት ቀን፤ ከ25 በታች ያለው፣ ቲፕ ለሚያገኙ የምግብ ቤት ሠራተኞች ካልሆነ በቀር፣ ለየ87 ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ እስከ ሦስት ቀን ይሰጣል። ሁሉም የሚከፈልበት ነው። የሜሪላንድ ስቴት ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው በክፍያ፣ ከዚያ በታች ያለው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ለየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት። ሞንጎመሪ ካውንቲ ግን ከአምስት ሠራተኛ ጀምሮ እስከ 56 ሰዓት በክፍያ ይጠይቃል፤ ከአምስት በታች ያለውም ቢሆን 32 ሰዓት በክፍያ፣ 24 ሰዓት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሃያ ሠራተኛ ያለውን ቤት ብንወስድ፣ ሙሉ ቀን የሚሠራ ምግብ አብሳይ ዲሲ ላይ በዓመት ሦስት ቀን ገደማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሰባት ቀን ያጠራቅማል። ለሠራተኛ ቸር የምትባለው ዲሲ እዚህ ላይ ከጎረቤቷ ታንሳለች፤ በወሬ የሚሄድ ሰው ይህን አይገምተውም። ቨርጂኒያ በ2021 ያወጣችው ሕግ በሜዲኬይድ የሚከፈልላቸውን አንዳንድ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች ብቻ ነው የሸፈነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ብዙ ስለሆንን «ቨርጂኒያ የሕመም ፈቃድ የለም» የሚለውን ወሬ ሳይጣራ አይመኑት። መድልዎን የሚከለክለው ሕግም እንዲሁ ነው፤ የፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከ15 ሠራተኛ ይጀምራል፣ የዲሲው የሰብአዊ መብት ሕግ ከአንድ። አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው ሰው እንኳ «ትንሽ ነኝ» ብሎ አያመልጥም።

ሦስተኛው ሥራ ቀኑን መመዝገብ ነው፤ ከሁሉም የሚዘነጋው እርሱ ነው። ዲሲና ሞንጎመሪ ካውንቲ ደሞዝ የሚቀይሩት ጁላይ 1 ነው፣ ቨርጂኒያ ጃንዋሪ 1። በሦስቱም ቦታ ሰው ያለው ቀጣሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ፔይሮሉን መክፈት አለበት። ከደሞዝ ሌላ ያለውን ለማየት የዲሲን የሚከፈልበት የቤተሰብ ፈቃድ መዋጮ ይውሰዱ። ቀጣሪው ብቻ የሚከፍለው፣ ከሠራተኛ የማይቆረጥ ነው። በጁላይ 2019 ሲጀመር ከደሞዙ 0.62 በመቶ ነበር፤ በጁላይ 2022 ወደ 0.26 ወረደ፤ በጁላይ 2024 ወደ 0.75 ወጣ። በሩብ ዓመት 100,000 ዶላር ደሞዝ የሚከፍል ሰው 260 ዶላር ሲልክ ቆይቶ 750 ይጠበቅበታል ማለት ነው። ሜሪላንድ ተመሳሳይ ሕግ በ2022 አውጥታ መጀመሪያውን ደጋግማ አራዝማዋለች፤ አሁን ባለው ሕግ መዋጮው ጃንዋሪ 2027፣ ክፍያው ጃንዋሪ 2028 ይጀምራል። ሕጉ መውጣቱን በ2022 የሰማ ሰው ቀኑን ካልጻፈ ያልጀመረ መዋጮ ከሠራተኛው ቼክ ሊቆርጥ ይችላል፤ ያ ራሱ ጥፋት ነው።

ከቀን ሁሉ አስቸጋሪው የዲሲ ምግብ ቤቶች የቲፕ ጉዳይ ነው። የከተማው መራጮች በኖቬምበር 2022 «ኢኒሺየቲቭ 82»ን አጸደቁ፤ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ቀጣሪው የሚከፍለው መነሻ 5.35 የነበረው በሜይ 2023 6 ዶላር፣ በጁላይ 2023 8 ዶላር፣ በጁላይ 2024 10 ዶላር ሆነ። በጁላይ 2025 12 ዶላር ሊሆን የነበረውን የከተማው ምክር ቤት አስቆመው፤ ቀጥሎም የጭማሪውን መሰላል ራሱን ለወጠው። መራጭ ያጸደቀው ምክር ቤት ሊለውጠው መቻሉ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለቀጣሪው የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ዛሬ ታትሞ ቢያገኙት እንኳ በደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጻፉት፣ በሥራ ላይ ሲውል በብዕር። መነሻው ስንትም ይሁን ቲፑና መነሻው ተደምረው ሙሉውን ዝቅተኛ ደሞዝ ካልሞሉ ጎደሎውን የሚሞላው ቀጣሪው ነው፤ በዚህ ሁሉ ወጣ ገባ ውስጥ ያልተለወጠው ይህ ነው።

አሁን የወረርሽኙን መሳቢያ ይክፈቱ። «ኮቪድ አልቋል፣ የእርሱ ደንብ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የፌዴራሉ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ሜይ 11 ቀን 2023 አብቅቷል። ቨርጂኒያ በ2020 ከስቴቶች ሁሉ ቀድማ ያወጣችውን የኮቪድ የሥራ ቦታ ደንብ በማርች 2022 ሽራለች። የፌዴራሉ እስከ 80 ሰዓት የሚደርስ የኮቪድ ሕመም ፈቃድ የሠራው ከኤፕሪል 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነበር። ደንቡ ቢያበቃም በዚያ ጊዜ የተሠራው ወረቀት ግን አሁንም ይጠየቃል። ሠራተኛው አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት የተፈቀደለት መሆኑ የሚረጋገጥበትን የአይ ናይን ቅጽ ይመልከቱ። ከማርች 20 ቀን 2020 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2023 ብዙ ቀጣሪዎች የሠራተኛውን መታወቂያ በቪዲዮ ወይም በኢሜይል እንዲያዩ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ በቅጹ የተጨማሪ መረጃ ሣጥን ውስጥ «ኮቪድ-19» ብለው ይጽፉ ነበር። ያንን ወረቀት በአካል አይቶ፣ የታየበትን ቀን ጽፎ የማጠናቀቂያው ጊዜ ኦገስት 30 ቀን 2023 አለፈ። ዛሬ ያንን ፋይል ያውጡና ሣጥኑን ያንብቡ፤ «ኮቪድ-19» የሚል ቃል ኖሮ ከጎኑ የምርመራ ቀን ከሌለ፣ ሠራተኛው አሁንም እርስዎ ዘንድ ካለ፣ ወረቀቱን በአካል ይዩና የዛሬን ቀንና የዘገየበትን ምክንያት ይጻፉ። ያለፈ ቀን በፍጹም አይጻፉ፤ መዘግየት ጉድለት ነው፣ ቀን መፍጠር ግን ማጭበርበር ነው። ዛሬ በርቀት ማየት የሚፈቀደው የመሥራት ፈቃድን በኢንተርኔት በሚያጣራው የፌዴራል ሥርዓት፣ በኢ-ቬሪፋይ፣ ለተመዘገበ ቀጣሪ ነው።

ከዚያው መሳቢያ ውስጥ የክትባት ካርድ ፎቶ ኮፒ ካገኙ፣ ከሠራተኛው መደበኛ ፋይል ያውጡት፤ የሕክምና መረጃ ስለሆነ ለብቻው በምስጢር ይቀመጣል። «ለሁሉም ሠራተኛ ምርመራ» የሚል የድሮ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ካለም ይንቀሉት፤ ከጁላይ 2022 ጀምሮ የፌዴራሉ የእኩል ቅጥር ዕድል ኮሚሽን አቋም ቀጣሪ ምርመራ የሚያዘው ለሥራው አስፈላጊ መሆኑን ማሳየት ሲችል ነው የሚል ነው። የደሞዝ ድጋፍ ብድሩን፣ ፒፒፒ የምንለውን፣ የወሰደ ደግሞ ወረቀቱን ለመጣል አይቸኩል። ኮንግረስ በኦገስት 2022 በዚያ ብድር ላይ ማጭበርበርን የመክሰሻ ጊዜ አሥር ዓመት አድርጎታል፤ በ2021 የተወሰደ ብድር እስከ 2031 ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። በንጹሕ የሠራ ሰው ንጽሕናውን የሚያሳይበት ያ ፋይል ነው።

የተኛ ሕግም አለ። በዴንቨርና በኦሮራ ብዙ ወገን የሚሠራባት ኮሎራዶ በ2020 ባወጣችው ሕግ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ሠራተኛ እስከ 80 ሰዓት ተጨማሪ ፈቃድ ያገኛል፤ የኮቪዱ ጁን 8 ቀን 2023 አበቃ። አንቀጹ ግን አልተሰረዘም፤ ሌላ አዋጅ ሲታወጅ ይነቃል። በደብተርዎ ላይ እንዲህ ያለውን «አበቃ» ብለው አይሰርዙት፤ «ተኝቷል» ይበሉት።

የመጨረሻው ደረጃ የስንብት ቀን ነው፤ ክስ የሚወለደው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ሠራተኛ ዲሲ ላይ ካሰናበቱ ያለፈው ደሞዙ በማግስቱ የሥራ ቀን ይከፈላል፤ ራሱ ከለቀቀ በሚቀጥለው የደሞዝ ቀን ወይም በሰባት ቀን ውስጥ፣ ከሁለቱ በቀደመው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እስከሚቀጥለው የደሞዝ ቀን ይጠብቃሉ። ተቆጥተው ዓርብ ማታ ሰው ያባረሩ የዲሲ ባለቤት፣ ቼኩን ሰኞ ካልጻፉ ጥፋተኛ ናቸው። ባልተከፈለ ደሞዝ ላይ የዲሲ ሕግ እስከ ሦስት እጥፍ ካሳ ይጨምራል፤ ሜሪላንድም ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት እጥፍ እንዲፈርድ ይፈቅዳል። በሁለቱም መክሰሻው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የሰዓትና የደሞዝ መዝገብ ከዚያ ያነሰ ዕድሜ አይኑረው።

እዚህ ላይ «ራሱ ነው ካሽ ስጠኝ፣ ኦቨርታይም አልፈልግም ያለኝ፤ ደግሞ ዘመዴ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ውሃ አያነሣም። ዝቅተኛ ደሞዝና ከ40 ሰዓት በላይ የሚከፈለው ጭማሪ ሠራተኛው በስምምነት የሚተወው መብት አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1945 ወስኖታል። ዝምድናውም የሚያገለግለው እስከሚጣሉ ድረስ ነው። «አካውንታንቴ ይይዘዋል» ለሚሉ ደግሞ፣ አካውንታንትዎ የሚያሰላው እርስዎ የላኩለትን ሰዓት ነው። ሠራተኛዋ ሐሙስ ከድንበሩ በየትኛው ወገን እንደነበረች አያውቅም፤ ተጠያቂውም እርሱ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ በመኪና በሃያ ደቂቃ በሚዞር አካባቢ ሦስት ሕግ ማስጠበቅ ለትንሽ ነጋዴ ግፍ ነው የሚለው። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ትልቅ ድርጅት ለዚህ ክፍል አቋቁሞ ሰው ይቀጥራል፤ ትንሹ ድስቱን እያማሰለ ነው የሚያነብበው። ነገር ግን ግፉን የሚያቃልለው ሕጉ እስኪስተካከል መጠበቅ አይደለም፤ በወረርሽኙ ጊዜ የታየው ሕጉ የሚለዋወጠው ከሚስተካከለው ፈጥኖ መሆኑ ነው። በወር አንድ ሰዓት የሚወስድ ደብተር ከሦስት እጥፍ ካሳ ይረክሳል። ክርክር ከተነሣ ወይም ደብዳቤ ከደረሰዎ ግን ደብተሩን ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ መመሪያ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም።

ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ብዙ ተናጋሪ ወዳላቸው ቋንቋዎች እንዲተረጉሙና አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛ ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የዲሲው የደሞዝና የሰዓት ጉዳይ ቢሮ ሲደውሉ «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ። አስተርጓሚው አይከፈልበትም።